በካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ሕፃናትን ማረጋጋት ከቤት እንደሚጀምር

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩ ወላጆች ካንሰር የታመመ ልጃቸውን ለማሳከም ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሊመላለሱ ይችላሉ።

በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ዓይነት ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይዘልቃል። መድኃኒቱ በደም ሥር ብቻ ሳይሆን በጀርባ አከርካሪ በኩልም በመርፌ በተደጋጋሚ ይሰጣል። የፈራ ሕፃን ሰውነቱን ስለሚወጥር ሕመሙ ይብስበታል፤ እየታገለ ሲያስቸግርም ወላጅ ተስፋ ቆርጦ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ያሰጋል። የተቋረጠ ሕክምና ደግሞ በሽታው እንዲያገረሽ በር ይከፍታል።

ትኩረትን ማስቀየርና አተነፋፈስን ማስተካከል የመርፌን ሕመምና ጭንቀት እንደሚቀንሱ በጥናት ተረጋግጧል። ልጁ በአፍንጫው አየር ስቦ የሳሙና አረፋ እንደሚነፋ በቀስታ ያስወጣል፤ ሎሚ እንደሚጨምቅ እጁን ጨብጦ ይለቃል። እናቱ የሚወደውን ተረት ብትነግረው የበለጠ ይረጋጋል። ልምምዱ መጀመር ያለበት ግን በሕክምናው ክፍል ሳይሆን አስቀድሞ በቤት ነው።

«ምንም አያምህም» ብሎ ማታለል በቀጣዩ ቀጠሮ እምነት ያሳጣል። ዘዴው ማደንዘዣንና የሕመም ማስታገሻን አይተካም። ወጪ የማይጠይቅ በመሆኑ ግን ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለወላጆች ቢያሳዩት የጤና ጽሕፈት ቤቶችን በጀት የሚነካ አይሆንም።