ኮምፒዩተሩ «አልደምርም» ሲል



እኛ ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተመደብንበት ጊዜ፣ የክፍሉ መምህር የተማሪዎቹን ውጤት ደምረን ደረጃ እንድናወጣላቸው አዘዙን። ውጤቱ በስልክ ተሞልቶ የተሰበሰበ ስለነበር የደረሰን በጄሰን ፋይል ነው። እኛም በፓይተን ጥቂት መስመሮች ጻፍን። ፕሮግራሙ ግን መሐል ላይ ቀጥ አለና «ታይፕኤረር» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ከመካከላችን አንዱ፣ «ምን ችግር አለው፤ ባዶውን ሁሉ በዜሮ እንተካውና ይለፍ!» አለ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ከመተካታችን በፊት ምክንያቱን ፈለግን። ያገኘነውንም እንደሚከተለው እናቀርባለን።

በቅድሚያ ጄሰን ምንድን ነው? ዳግላስ ክሮክፎርድ የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው፣ መረጃን በተራ ጽሑፍ አስፍሮ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ማስተላለፊያ ዘዴ ነው። የሚያውቀው ስድስት ዓይነት ነገር ብቻ ነው። እነሱም፦ ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ እውነት ወይም ሐሰት፣ «ነል» የሚባለው ባዶ፣ ዝርዝር፣ እንዲሁም ስምና ዋጋ ተጣምረው የሚቀመጡበት ኦብጀክት ናቸው። ጽሑፍ ሁልጊዜ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ያለ ጥቅስ የተጻፈ 85 ቁጥር ነው፤ በጥቅስ ውስጥ ያለ «85» ግን ለዓይናችን ያው ቢመስልም ለኮምፒዩተሩ እንደ ስም ያለ ጽሑፍ ነው። ታይፕኤረር የሚመጣው አንድን ነገር ለዓይነቱ የማይስማማ ሥራ ስናዘው ነው። የተለመዱት አራት ናቸው።

አንደኛ፤ ጄሰኑን ሳይፈቱ መጠየቅ። ፋይሉ ሲነበብ መጀመሪያ አንድ ረዥም ጽሑፍ ብቻ ነው። «ሎድስ» በሚባለው ትእዛዝ ሳንፈታው «ስሙን አምጣ» ብንለው፣ ፓይተን ጽሑፍ የሚጠየቀው በፊደል ተራ ቁጥር መሆኑን ነግሮን ይቆማል።

ሁለተኛ፤ ዝርዝርንና ኦብጀክትን ማምታታት። የመላው ክፍል መረጃ ዝርዝር ነው፤ የእያንዳንዱ ተማሪ ደግሞ ኦብጀክት። ከዝርዝሩ ላይ በቀጥታ «ውጤት» ብሎ መጠየቅ፣ የክፍል መዝገቡን አንስቶ «ስንት አመጣህ?» እንደማለት ነው። የማን? መጀመሪያ ተማሪውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፤ በጥቅስ የተጻፈ ቁጥር። አንድ ተማሪ 8፣ 15፣ 17 እና 40 ቢያመጣ ድምሩ 80 ነው። አራቱም በጥቅስ ውስጥ ከሆኑ ግን ፓይተን ጎን ለጎን አያይዞ 8151740 ይሰጠናል፤ ስሕተት አለ ብሎም አይናገርም። ደረጃ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ጽሑፍ እንደ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሮ ስለሚደረደር፣ 9 ያመጣው አንደኛ፣ 85 ያመጣው ሁለተኛ፣ 100 ያመጣው የመጨረሻ ይሆናል! አንዱ በጥቅስ፣ ሌላው ያለ ጥቅስ ከሆነ ፓይተን «አልደምርም» ይላል፤ ጃቫስክሪፕት ግን ዝም ብሎ ያያይዛቸዋል። መፍትሔው «ኢንት» በሚለው ትእዛዝ ወደ ቁጥር መለወጥ ነው፤ 7.5ን ለመሰለው «ፍሎት» ይሆናል። በግዕዝ የተጻፈ ፰ ከሆነ ኢንት አይቀበለውም። ይህ ግን ቫሊዩኤረር ይባላል፤ ዓይነቱ ደህና ሆኖ ይዘቱ ያልተስማማ ማለት ነው።

አራተኛ፤ ነል። እኛን ያቆመን ይህ ነበር። አንዲት ተማሪ ከ50 በሚያዘው የማጠቃለያ ፈተና ቦታ ላይ ነል ተጽፎላታል። መምህሩን ብንጠይቃቸው፣ ልጅቷ ታማ እንዳልተፈተነችና ሌላ ቀን እንደምትፈተን ነገሩን። ከቀረው 50 ደግሞ 40 አላት። ባዶውን በዜሮ ተክተን ቢሆን ኖሮ ከ100 40 አመጣች ተብሎ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ትሰለፍ ነበር። ዜሮ ተፈትኖ ምንም ያላገኘ ነው፤ ነል ገና ያልታወቀ ነው። ሁለቱ እኮ አንድ አይደሉም!

ሁሉንም ወደ ቁጥር መለወጥም ልክ አይደለም። የወላጅ ስልክ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል፤ ቁጥር ካደረግነው የፊተኛው ዜሮ ይጠፋል። ያለ ጥቅስ ጄሰን ውስጥ ቢጻፍ ደግሞ ፋይሉ ጭራሽ አይፈታም፤ ደንቡ ከሌላ አኃዝ ፊት የቆመ ዜሮን አይፈቅድምና። እንግዲህ የማይደመርና የማይቀነስ ነገር ጽሑፍ ሆኖ ይቆይ።

በአጭሩ፣ ታይፕኤረር ሲመጣ የመልእክቱን የመጨረሻ መስመር ማንበብ፤ «ታይፕ» በሚለው ትእዛዝ የነገሩን ዓይነት መጠየቅ፤ መለወጥ ያለበትን ገና ፋይሉ ሲገባ መለወጥ፤ በመጨረሻም የአንዱን ተማሪ ውጤት በእጅ ደምሮ ማመሳከር ነው። ይህ የመጨረሻው አይዘለል፤ ፕሮግራሙ ሳይናገር ያለፈውን ስሕተት የሚይዘው እሱ ነውና።

ያን ዕለት ደረጃውን ሳናወጣ ቀረን። መምህሩም አልተቆጡም፤ «ልጅቷ ትፈተንና ይወጣል» አሉን። መምህራኖቻችን ግድፈት ቢያገኙብን እንዲያርሙን በትሕትና እንጠይቃለን።