በአቃቂ መንገድ ያለፉ ወታደሮችና የእንግሊዝ የዘመቻ ሜዳዮች

በእንግሊዝ አገር የዘመቻ ሜዳይ መሰብሰብ ብዙ ዘመን የቆየ ልማድ ነው። ከውጭ ለሚያየው ሰው ብርና ጥብጣብ መቃረም ይመስላል፤ ነገር ግን በሥራው የበሰሉት ሰብሳቢዎች የሚሹት ብረቱን ሳይሆን ብረቱን በደረቱ ያንጠለጠለውን ሰው ነው። ማን ነበር? ከየትኛው ጭፍራ? ከዘመቻው ስፍራስ በእውነት ደርሷልን? ይህ ጽሑፍ የዚህን ምርመራ መንገድ በአጭሩ ካስረዳ በኋላ፣ በመጋቢት ወር 1933 በአቃቂ በኩል ወደ አዲስ አበባ የገቡትን ወታደሮች ለሚያጠና ሰው እስከ ምን ድረስ እንደሚረዳ ለመመልከት የታሰበ ነው። ዓመታቱ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ይገባል። «ኒሻን» መሠረቱ ፋርስ ሲሆን ትርጓሜውም ምልክት ማለት ነው፤ ተኳሽ የሚያነጣጥርበት ዒላማም በዚሁ ስም ይጠራል። «ሜዳይ» ግን ከፈረንሳዮች የመጣ ቃል ነው። ነገሩ እንግዳ ቢሆንም አሳቡ ለእኛ እንግዳ አልነበረም። በቀድሞው ሥርዓት ጀግና የሚሸለመው ለምድ፣ ጎፈር፣ የብር ቢተዋ ወይም ያጌጠ ጋሻ ነበር። በእነዚህ ላይ ስም አይጻፍም፤ አያስፈልግምም ነበርና። ባለቤቱ ተነሥቶ ሲፎክር ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የጣለውንም ጠላት በጌታው ፊት ይናገራል፤ የሰማው ሕዝብ ምስክር ይሆነዋል። እንግሊዞች ግን ይህንኑ ምስክርነት ከአፍ አውጥተው በብረት ላይ ጻፉት።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ከእኛው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በመቅደላ ከሞቱ በኋላ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ለዘማቾቹ በ1869 እ.ኤ.አ. አንድ የብር ሜዳይ አቆመ። በፊቱ ንግሥት ቪክቶሪያ ዓይነ ርግብ ደፍታ በትንሹ ተቀርጻለች፤ በዙሪያዋ ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ አለ፤ በጫፎቹም መካከል «አቢሲኒያ» የሚለው ስም ዘጠኙ የላቲን ፊደሎች አንድ በአንድ ተደርድረዋል። ሜዳዩ ከጥብጣቡ ጋር የሚያያዘው በዘውድ ቅርጽ ነው፤ ጥብጣቡም መካከሉ ቀይ፣ ዳርና ዳሩ ነጭ ነው። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን ጀርባው ነው። በሌሎች የእንግሊዝ ሜዳዮች የባለቤቱ ስም ብዙውን ጊዜ በጠርዙ ላይ ይጻፋል፤ በዚህኛው ግን በአበባ ጉንጉን መካከል፣ ከነክፍለ ጦሩ፣ ከብሩ ከፍ ብሎ ወጥቶ ይነበባል። ለብዙዎቹ የሕንድ ወታደሮች የተሰጠው ደግሞ ስሙ ወደ ውስጥ ተመትቶ የገባ ነው። ከፍ ብሎ የወጣውን ስም ፍቆ በሌላ መለወጥ እጅግ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ሰብሳቢዎች በዚህ ሜዳይ ላይ ያላቸው እምነት ከፍ ያለ ነው።

ሆኖም ስሙ ብቻውን አይበቃም። ይህ ሜዳይ የየውጊያውን ስም የሚያሳይ የጥብጣብ ዘንግ የለውም፤ በዙላ ወደብ ዕቃ ሲያራግፍ የከረመውም፣ ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ የተዋጋውም የተቀበሉት አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ መርማሪው ለንደን አጠገብ በኪው ወደሚገኘው የመንግሥት መዝገብ ቤት ይሄዳል። በዚያ «ደብልዩ ኦ 100» በተባለው ክፍል የምድር ጦር የሜዳይ መዝገቦች ይገኛሉ፤ የባሕር ኃይሉ ለብቻው ነው። ከመዝገቡ የሰውየውን ክፍለ ጦር ካረጋገጠ በኋላ የክፍለ ጦሩን ጉዞ ይከተላል። 33ኛው ክፍለ ጦር አምባውን ጥሶ የገባው ነው፤ ጄምስ በርጊንና ማይክል ማግነር የቪክቶሪያ መስቀል የተሸለሙት በዚያ ነው። በአሮጌ ሮኬት የተኮሱት የባሕር ኃይል ሰዎች ጥቂት ስለ ነበሩ ደግሞ ሜዳያቸው በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ይፈለጋል።

እዚህ ላይ አንድ ቍጥር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ወደ መቅደላ የዘመተው ጦር 13,000 ያህል ወታደርና 26,000 ያህል ጭነት ጫኝ፣ እንስሳ ነጂና አገልጋይ ነበረው። የተሰጠው ሜዳይ ግን የባሕር ኃይሉ ጭምር ተደምሮ ወደ 14,000 ነው። በአሮጌ የወደቁት የኢትዮጵያ ሰዎች በእንግሊዞች ግምት 700 ያህል ናቸው፤ ከእነርሱ ውስጥ እንደ ፊታውራሪ ገብርዬ ስማቸው የተረፈው በጣት የሚቈጠሩ ናቸው።

የ1933ቱ ዘመቻ ሲመጣ ነገሩ በሌላ መንገድ ተለወጠ። በጄኔራል ካኒንግሃም የሚመራው ጦር ከኬንያ ተነሥቶ ሞቃዲሾን፣ ጅጅጋን፣ ሐረርንና ድሬዳዋን ይዞ አዋሽን ተሻገረ፤ በሞጆና በቢሾፍቱ አድርጎ፣ አቃቂንና ቃሊቲን አልፎ መጋቢት 28 ቀን 1933 አዲስ አበባ ገባ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን የገቡት ግን በሰሜን፣ በእንጦጦ በኩል ነው፤ በትምህርት ቤት መጻሕፍት የሚታወሰውም ይህ ሁለተኛው በር ነው። በደቡቡ በር ያለፈው 22ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ የንጉሡ አፍሪካውያን ጠመንጃ ያዦች የተባሉትን ወታደሮች የያዘ ነበር፤ ሰዎቹም የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንጋኒካና የኒያሳላንድ ልጆች ናቸው። ደቡብ አፍሪካውያንም በብረት ለበስ መኪና አብረው ነበሩ።

እነዚህ ወታደሮች የተቀበሉት «የአፍሪካ ኮከብ» የተባለውን ባለ ስድስት ጫፍ ሜዳይ ነው። ጥብጣቡ የበረሃ አሸዋ መልክ አለው፤ በመካከሉ ቀይ፣ በግራና በቀኙም ጠቆር ያለና ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሰረዝ ተሰምሮበታል። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራ፣ በሱማሌና በሱዳን ላገለገለ ሰው የሚቈጠረው ጊዜ ከሰኔ 3 ቀን 1932 እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው፤ የመጨረሻው ዕለት የጎንደሩ ኢጣልያዊ ጦር እጁን የሰጠበት ቀን ነው። ነገር ግን ይኸው ኮከብ እስከ ግንቦት 4 ቀን 1935 በሊቢያና በቱኒዚያ ለተዋጋውም ተሰጥቷል። በሰሜን አፍሪካ ለነበሩት አንዳንድ ጦሮች የጥብጣብ ዘንግ ሲጨመር ለምሥራቅ አፍሪካ ምንም አልተጨመረም። የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ ኮከቡን ስም ሳይጽፍበት ሰጠ። እንግዲህ በ1860 የአገሩም የሰውየውም ስም ከብር ላይ ይነበብ የነበረው ሜዳይ፣ በ1933 የአገሩም የሰውየውም ስም የሌለው ሆነ። የአቃቂን ድልድይ የተሻገረው የኒያሳላንድ ወታደር ኮከብ፣ በካይሮ ቢሮ ተቀምጦ ከከረመው ጸሐፊ ኮከብ በምንም አይለይም።

ከዚህ የሚለየው የደቡብ አፍሪካው ነው። ያ መንግሥት በየኮከቡ ጀርባ የወታደሩን ቍጥርና ስም አስመትቷል። ግን ከቍጥሩ አጠገብ ያለውን ፊደል ማንበብ ያሻል፤ «ኤን» የጥቁሮችን፣ «ሲ» ክልስ የተባሉትን የኬፕ ኮር ሰዎች ያመለክታል። የዘር ልዩነቱ ሥርዓት ከሰውየው ስም ቀድሞ ብረቱ ላይ ሰፍሯል። ለታሪክ መርማሪ ግን፣ ነገሩ ቢያስከፋም፣ ይህ ፊደል የከባድ መኪና ነጂዎቹን ከእግረኛው ለመለየት ይጠቅማል።

በእኛ በኩል የአርበኝነት ሜዳይ ከጥብጣቡ ላይ በሚሰካው ዘንባባ የተጋድሎውን ዓመታት ያሳያል፤ ባለ አምስት ዘንባባ አርበኛ ሲባል አምስቱን ዓመት ሙሉ በዱር የቆየ ማለት ነው። ይህ ከእንግሊዙ ኮከብ የበለጠ ይናገራል፤ ነገር ግን ሰውየውን ፈልጎ ማግኘት በሌላ ምክንያት ይከብዳል። እንግሊዛዊው መርማሪ በቤተሰብ ስም እየተመራ እስከ ልጅ ልጅ ይወርዳል። በእኛ አገር ግን የአያት ስም ከሦስተኛው ትውልድ በኋላ ከመጠሪያው ይወድቃል። ከዚህም ሌላ ያው አርበኛ በአንዱ ወረቀት በክርስትና ስሙ፣ በሌላው በፈረስ ስሙ፣ በሦስተኛው በማዕርጉ ብቻ ተጽፎ ይገኛል። ግራዝማች የነበረው ኋላ ቀኛዝማች ይሆንና ሁለት ሰው ይመስላል።

ስለዚህ በአቃቂና በቃሊቲ ሜዳይ ያገኘ ተማሪ ሥራውን ከብረቱ ሳይሆን ከቤቱ ይጀምር። ሜዳዩን አያስወልውል፤ ማሻሸት ፊደልን ያጠፋልና። ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ጥብጣቡ የራሱ መሆኑን ወይም ኋላ የተተካ መሆኑን ይጠይቅ። ወደ ውጭ አገር ለሚገዛ ሰው አደራ ከመስጠት በፊትም በአዋጅ ቍጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ ለባለቤቶቹ ያስረዳ። የሟቹን ስም እስከ አያት፣ የፈረስ ስሙንም ጭምር ይጻፍ። ከሁሉ ይልቅ በቀብሩ ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ይፈልግ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ወረቀት ይጠብቃል፤ በወረቀቱም ላይ ከየት እስከ የት እንደ ዘመተ፣ በማን አለቅነት እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ተሸለመ ተዘርዝሮ ይገኛል። ሲነበብ የሰሙት የእድሩ ሽማግሌዎች በሕይወት ካሉ፣ ጸሐፊው ያሳነሰውን ወይም ያስበለጠውን እነርሱ ያውቃሉ።