ባቡሩ ሲሸጥ ውሉን ማን ያነባል?

ባለፈው ጥር የሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስን ዓመታዊ በዓል ለማክበር ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄጄ ነበር። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ተነሥተን ወደ ደሴ ስንጓዝ ወሬው ሁሉ ባቡር በማይሄድበት ሐዲድ ላይ ሆነ። የሚኒባሱ ሹፌር በመስታወት እያየኝ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ሐዲድ ግን የማን ነው?» አለኝ። «የመንግሥት ነዋ!» አልኩት። «ታዲያ መንግሥት ካልሠራበት ለሚሠራበት ነጋዴ ለምን አይሸጠውም?» ሲለኝ ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሕግ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል። መልሱ አጭር ስላልነበረ በመንገድ ላይ አልጨረስኩትም። ይኼ ጽሑፍ የዚያ መልስ ቀሪ ክፍል ነው።

በመጀመሪያ ሹፌሩ የጠየቀኝ ስለየትኛው ሐዲድ እንደሆነ ልግለጽ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ እስካለው ሐራ ገበያ የሚዘልቀው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው መስመር ነው። የ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውሉ ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ተፈረመ፤ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀመረ። ተራራው ተቦርቡሮ ዋሻ ተሠራ፣ ድልድይ ተዘረጋ፣ ሐዲድ ተነጠፈ። ይሁን እንጂ በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ኃይል ጉዳይ አጓተተው። ቀጥሎም ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መስመሩ ለዝርፊያና ለጉዳት ተዳረገ። በዚህም ምክንያት ለዓመታት ጭነት ሳይሄድበት ቆየ። ብድር ግን ባቡር ቆመ ብሎ አይቆምም።

እንግዲህ «ለነጋዴ ይሸጥ» የሚለው ሐሳብ ከዚህ የመነጨ ነው። ሐሳቡ ነውር የለበትም። ይሁንና እኛ ኢትዮጵያውያን ባቡርን ለግል ኩባንያ መስጠትን በወሬ ሳይሆን በተግባር የምናውቅ ሕዝብ ነን። የመጀመሪያው ባቡራችን የግል ነበር። አደገ፣ ከሰረ፣ ተሸጠ። የተሸጠው ግን እኛ ሳንጠየቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ ሰጡ። በዛሬ ቋንቋ ኮንሴሽን የምንለው ነው። ኢልግና ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዮን ሸፍኖ ያቋቋሙት ኩባንያ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ እስከ ከፋና ነጭ ዓባይ ድረስ በሦስት ክፍል መስመር ሊዘረጋ ተስማማ። ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ለንጉሠ ነገሥቱም የአክሲዮን ድርሻና ከ3 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ከሚገኘው ትርፍ ግማሹ እንዲሰጣቸው ተወሰነ። የባቡሩ ኩባንያ ስሙም «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥታዊ የምድር ባቡር ኩባንያ» ተባለ። ስሙ የእኛ፣ መዝገቡ የፓሪስ፣ ገንዘቡ የአክሲዮን ገዢዎች ነበር።

ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለከበደና ወጪው ስለበዛ ሐዲዱ በቆላው እንዲሄድ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1902 ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ስፍራ ደረሰ። ድሬዳዋ ከተማ ሆና የቆመችው በዚህ ምክንያት ነው። ከመሐል አገር እስከ ባሕር በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በከፊልም ቢሆን አጠረ። ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ወረደ፤ ጨርቃ ጨርቅና ሸቀጥ ወደ ላይ ወጣ። በዚህ በኩል ኩባንያው ቃሉን ጠብቋል ማለት ይቻላል።

ችግሩ ገንዘቡ ላይ ነበር። የፓሪስ ባለሀብት በበረሃ ለሚዘረጋ ሐዲድ ኪሱን በቀላሉ አልፈታም። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጣ የእንግሊዝ ባለሀብቶች ወደ አክሲዮኑና ወደ ቦንዱ ገቡ። ይኼኔ የፈረንሳይ መንግሥት «መስመሩ ከእጃችን ሊወጣ ነው» ብሎ ደነገጠ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1902 ከኩባንያው ጋር ስምምነት ፈርሞ ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500 ሺህ ፍራንክ ድጎማ ሊሰጠው ተስማማ፤ በለውጡም በኩባንያው ላይ የቁጥጥር ሥልጣን አገኘ። ፈቃዱን የሰጡት ምኒልክ አልተማከሩም። ከአንድ ነጋዴ ኩባንያ ጋር የተዋዋሉ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ሲነሡ ከውሉ ማዶ አንድ የአውሮፓ መንግሥት ቆሞ አገኙት ማለት ነው።

ይህን ሳስብ ዘወትር ትዝ የሚለኝ ውጫሌ ነው። ውጫሌ ከሐይቅ ወደ ሰሜን፣ እዚያው አምባሰል ውስጥ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 የአማርኛው «ይችላሉ» ሲል የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው፤ መዘዙ እስከ ዓድዋ አደረሰን። የውጫሌው ጉዳት የመጣው በተጻፈው ቃል ነው። የባቡሩ ውል ጉዳት ግን ከወረቀቱ ውጪ በተደረገ ነገር መጣ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የውሉን ቃል ደጋግሞ በማንበብ ብቻ አይታወቅም።

ምኒልክ ታዲያ ምን አደረጉ? ሠራዊት አላዘመቱም፤ በእጃቸው የቀረውን አንድ መሣሪያ ተጠቀሙ። መስመሩ ከድሬዳዋ ወዲህ እንዳይቀጥል ከለከሉ። ኩባንያው ዋናው ገበያ ወዳለበት ወደ መሐል አገር ካልገባ ትርፍ አያገኝም። ዕዳው ግን ይቆጥራል። በመጨረሻም ከስሮ ሒሳቡ ወደ ማጣራት ገባ። ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ተቀምጠው የባቡር መስመር የሚዘረጋበትን አቅጣጫ ጭምር ተከፋፍለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 አዲስ ፈቃድ በምኒልክ ሐኪም በዶክተር ቪታሊያን ስም ተሰጠ፤ ፈቃዱም የኢንዶቺና ባንክ ከጀርባው ላለበት የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተላለፈ። የከሰረው ኩባንያ ንብረትም ወደዚሁ ሄደ። ባቡሩ 784 ኪሎ ሜትር አቋርጦ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ምኒልክ አላዩትም።

የመሸጡ ነገር በዚህም አላበቃም። እ.ኤ.አ. በጥር 1935 የፈረንሳዩ ላቫልና ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሲስማሙ ፈረንሳይ ለጣሊያን ከሰጠቻቸው ነገሮች አንዱ የዚህ የባቡር ኩባንያ 2,500 አክሲዮን ነበር። በዚያው ዓመት ጣሊያን ወረረን። የባቡራችን አክሲዮን ባለቤቱ ሳይጠየቅ የሌሎች መደራደሪያ ሆነ። ኢትዮጵያ የኩባንያውን ግማሽ ድርሻ አግኝታ መሥሪያ ቤቱም ወደ አዲስ አበባ የዞረው እ.ኤ.አ. በ1959 በተፈረመው ስምምነት ነው። ፈቃዱ ከተሰጠ 65 ዓመት አልፎ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የአስተዳደር መሥሪያ ቤት ውሎችን ሲዘረዝር ከአንቀጽ 3207 ጀምሮ ስለ ሕዝብ አገልግሎት ኮንሴሽን ይደነግጋል። ፍሬ ነገሩ፣ አንድ ሰው የሕዝብ አገልግሎትን በራሱ ወጪ አካሂዶ ዋጋውን ከተጠቃሚው የሚሰበስብበት ውል መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ውል ሰውየው እንዳሻው ለሌላ የሚያስተላልፈው ዕቃ አይደለም። ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

በቀላል ምሳሌ ላስረዳ። ቤትዎን ለአንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አከራዩ እንበል። በውሉ ላይ «ተከራዩ ቤቱን ለሌላ ሊያስተላልፍ አይችልም» ብለው ጽፈዋል። ደኅና! ነገር ግን የማኅበሩ አባላት ድርሻቸውን በሙሉ ለማያውቁት ሰው ሸጡት። ተከራይዎ ያው ማኅበር ነው፤ ስሙም ማኅተሙም አልተለወጠም። ውሉ አልተላለፈም፤ ስለዚህ አልተጣሰም። ግን ቤትዎ ውስጥ የሚያድረው ሌላ ሰው ሆነ። በምኒልክ ባቡር ላይ የደረሰው በመሠረቱ ይኼው ነው። ኩባንያው በስሙ ቆሞ ሳለ አዛዡ ተለወጠ። የዛሬ ጠበቆች ይህን «የቁጥጥር ለውጥ» ይሉታል፤ በደንብ የተዋዋለ መንግሥትም «አክሲዮኑ ከዚህ መጠን በላይ እጅ ከቀየረ አስቀድሜ ልፈቅድ ይገባል፤ ካልፈቀድኩ ውሉን ላቋርጥ እችላለሁ» የሚል አንቀጽ ያስገባል።

ይኼ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ካለ አውሮፓን ይመልከት። እንግሊዝ የጭነት ባቡሯን ወደ ግል ስታዞር፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ዊስኮንሲን ሴንትራል በተባለ የአሜሪካ ባቡር ኩባንያ የሚመራ ቡድን ትልቁን ድርሻ ገዛ። ኩባንያው ኢንግሊሽ ዌልሽ ኤንድ ስኮቲሽ ሬልዌይ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ማን ገዛው? ዶይቸ ባን፤ የጀርመን መንግሥት የባቡር ድርጅት። የፈረንሳዩ ቬኦሊያም የጭነት ባቡር ንግዱን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሸጥ አብዛኛውን የወሰደው የፈረንሳይ መንግሥት ምድር ባቡር ነው። በጭነት ባቡር ሥራ ትርፉ ቀጭን፣ ወጪው ወፍራም ስለሆነ የግል ኩባንያ አድጎ አድጎ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው አቅም ባለው የአንድ መንግሥት ድርጅት እጅ ነው። «ከመንግሥት አውጥተን ለግል ሰጠን» የሚል አገር ከዓመታት በኋላ «ከእኛ መንግሥት አውጥተን ለሌላ መንግሥት ሰጠን» ሊል ይችላል።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ዶይቸ ባን የገዛው ሎኮሞቲቭ፣ ፉርጎ፣ ሠራተኛና የጭነት ውል ነው። ሐዲዱ በሌላ ድርጅት እጅ ስለነበር አልገዛውም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ባወጣቸው መመሪያዎች የሐዲዱ አስተዳደርና የባቡሩ ሥራ ሒሳባቸው እንዲለይ አድርጓል። ስለዚህ ኩባንያው ቢሸጥ፣ ቢከስር፣ ሌላ ኩባንያ በዚያው ሐዲድ ላይ ይመጣል። የምኒልክ ውል ግን ሐዲዱንም፣ ባቡሩንም፣ ታሪፉንም በአንድ ቋጠሮ የሰጠ ነበር። ቋጠሮውን የያዘ ሁሉንም ያዘ።

ይህን ስል ምኒልክን ለመውቀስ አይደለም። በእጃቸው ገንዘብ አልነበረም፤ የግል ኩባንያው ባይኖር ባቡሩም አይኖርም ነበር። መስመሩን ድሬዳዋ ላይ ማስቆማቸውም ክብር ብቻ ሳይሆን ዋጋም ነበረው። የመሐል አገሩ ነጋዴ ለተጨማሪ ዓመታት በበቅሎ ሲጭን ኖሯል። ዛሬም «ለማንም አንሰጥም» ማለት ነፃ አይደለም። የኮምቦልቻ ፋብሪካና የሐይቅ ነጋዴ ዕቃቸውን በከባድ መኪና ቁልቁለቱን ሲያወርዱ የዚያን ውሳኔ ዋጋ በየቀኑ ይከፍላሉ።

ሕጉም ቢሆን በሩን ከፍቷል። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጡት የኢንቨስትመንት አዋጅና ደንብም የባቡር ትራንስፖርትን ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ ከተከለሉት ሥራዎች ውጪ አድርገውታል። ከዚህ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2006 የድሮውን ምድር ባቡር ለደቡብ አፍሪካው ኮማዛር ለመስጠት ተሞክሮ ነበር፤ አልተሳካም። ነገ ሌላ ፈላጊ መምጣቱ አይቀርም።

ያን ጊዜ፣ በእኔ አስተያየት፣ ብዕር ከመነሣቱ በፊት አራት ነገሮች መጻፍ አለባቸው። አንደኛ፣ ሐዲዱና መሬቱ አይሸጥም፤ የሚሰጠው የማካሄድ መብት ነው። ሁለተኛ፣ ኩባንያው ብቻ ሳይሆን የኩባንያው ባለቤት ሲለወጥም ፈቃድ ይጠየቃል። ሦስተኛ፣ ታሪፍ የሚወሰንበት መንገድ ይታወቃል፤ ትልቁም ትንሹም ጫኝ በእኩል ይስተናገዳል። አራተኛ፣ ኩባንያው ሲከስር መንግሥት ገብቶ ሥራውን የሚያስቀጥልበት መንገድ ከወዲሁ ይቀመጣል። ውሉም ከፊርማው በፊት ለሕዝብ ይታይ።

ሐይቅ ገዳም ውስጥ ሆኜ ያሰብኩት አንድ ነገር አለ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለዚህ ገዳም የሰጡት ወንጌል ስሙ ዛሬም በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ይጠራል። በአገራችን ነገሥታት ለገዳማት ጉልት ሲሰጡ በእንዲህ ያለ ወንጌል ላይ ያስጽፉ ነበር፤ ምን እንደተሰጠ፣ ለማን እንደተሰጠ፣ እነማን ምስክር እንደነበሩ። በመጨረሻም ስጦታውን ለሚሽር እርግማን ይጨመራል። አባቶቻችን ዋናውን ነገር አውቀውታል ማለት ነው። የተሰጠ ነገር በማን እጅ እንደሚቆይ ካልተጻፈ፣ እንደተሰጠ አይቆይም።

ለዚያ ሹፌር መልሴ እንግዲህ ይኼ ነው። ወንድሜ፣ ለነጋዴ መስጠቱ አይከፋም። ነገር ግን ነጋዴው ለማን እንደሚሸጠው ሳንጽፍ ከሰጠነው፣ ልጆችህ ያንኑ ጥያቄ መልሰው ይጠይቁሃል፤ «አባዬ፣ ይኼ ሐዲድ ግን የማን ነው?» ይሉሃል።

ቸር ይግጠመን።