ዕቃው ሳይደርስ የሚደርሰው ማስታወቂያ

አዲስ አበባ የምትኖር የ15 ዓመት ልጅ በቴሌግራም ያየችውን ጫማ በወላጆቿ ቴሌብር አስከፍላ በሞተረኛ ደጇ ድረስ ታስመጣለች። በመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ፣ ዘመሮ ላይ ያለ እኩያዋም ኔትወርክ ሲኖር ያንኑ ጫማ ያያል። እሱ ግን ገንዘቡ ቢገኝለት እንኳ ከመኪና መናኸሪያ የሚቀበልለት ዘመድ መፈለግ አለበት። ስለ ኢንተርኔት ንግድ ሲወራ የብዙዎቻችን ስጋት ልጆች ገንዘብ ያባክናሉ የሚል ነው። ለመንዝ ደጋ ይህ ስጋት ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። እዚያ ማስታወቂያ የሚጎዳው ምንም ሳይሸጥ ነው፤ ልጁ የማይገዛውን ዕቃ እያሳየ፣ ያለዚያ ዕቃ ከቁጥር እንደማይገባ ይነግረዋል።

ላን ንጉየን ቻፕሊን እና ዴቦራ ሮደር ጆን አሜሪካ ውስጥ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ለዕቃ ያለው ጉጉት በ12 እና በ13 ዓመት ገደማ አይሎ፣ ወደ 18 ሲጠጋ እንደሚረግብ አሳይተዋል። እኔን የገረመኝ ምክንያቱ ነው። ጉጉቱ የሚያይለው ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት በሚወርድበት ዕድሜ ሲሆን፣ እኩዮቻቸው መልካም ጎናቸውን ሲነግሯቸው የዕቃው ፍላጎት ቀንሷል። ቀድሞ የሚመጣው እንግዲህ ይህ ለራስ የሚሰጥ ግምት ጉድለት ነው፤ ዕቃው ተከትሎት ይገባል። ስልኩ ይህን ጉድለት አያውቀውም። የሚያውቀው ጣት የት ላይ እንደቆመ፣ ምስሉ ላይ ስንት ሰከንድ እንደተቆየ ነው፤ ያችን ቆይታ ለአስተዋዋቂዎች በጨረታ ይሸጣል። ልጁ የዘገየው ወዶ ይሁን ከፍቶት፣ ለጨረታው ልዩነት የለውም።

ምቀኝነትና ጉጉት ከስልክ በፊትም ነበሩ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በመንዝም በርኖስ የደረበና ያልደረበ እኩል አይታይም ነበር። የበርኖሱ ባለቤት ግን የታወቀ ሰው ነው። በጎቹ ስንት እንደሆኑ፣ ፀጉሩን ማን እንደፈተለው፣ ማን እንደሸመነው አገሩ ያውቃል፤ ያየው ልጅም ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ይታየዋል። በግ የሚጠብቅ ልጅ ደግሞ ያለ እሱ ቤቱ እንደሚጎድል ያውቃል። በስልኩ ላይ የሚታየው ጫማ ከየት፣ በምን ድካም እንደተገኘ አይታይም። ችግሩ ድህነት እንጂ ማስታወቂያ አይደለም የሚለው ክርክር የበለጠ ይከብዳል፤ ውርጩና የመሬቱ ጥበት በስልክ አልመጡምና። ሆኖም «የለኝም» ማለትና «አልረባም» ማለት ይለያያሉ፤ ማስታወቂያ የሚሠራው ሁለተኛው ላይ ነው። ከ2015 ወዲህ መንዝ በሚገኝበት በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ደግሞ፣ «አልረባም»ን የሚያስረሳ፣ ልጅ «ጎበዝ» የሚባልበት አንድ ትልቅ ቦታ አብሮ ተዘግቷል።

እርግጥ፣ ያው የኢንተርኔት ገበያ ከበግ ፀጉር ለሚሠሩት የመንዝ ባናና ዝተትም ክፍት ነው። ፎቶ አንስቶ የሚሸጥ ወጣት ከተመልካችነት ወጥቶ ባለሙያ ይሆናል፤ ይህን መቃወም አልችልም። ዛሬ ግን ወደ ደጋው የሚወጣው ምስል ከደጋው ከሚወርደው ዕቃ እጅግ ይበዛል። ሕጋችንም ስልኩን አልደረሰበትም። በ2011 የወጣው አዋጅ 1112 የአልኮል መጠጥን ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ላይ ገድቧል፤ ስልክ ግን እንዲህ ያለ ገደብ አያውቅም። የ2004ቱ የማስታወቂያ አዋጅ 759 ደግሞ ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። ቲክቶክ ላይ ጫማውን እያገላበጠች የምታሳየው ልጅ ተከፍሏት ይሁን ወዳው፣ የዘመሮው ተመልካች ለይቶ የሚያውቅበት ምልክት ብዙ ጊዜ የለም።