ሙጫውም እውነተኛ፣ ዝንቧም እውነተኛ፣ ቅሪተ አካሉ ግን ሐሰተኛ

የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1922 ካገኛቸው ስብስቦች መካከል ከባልቲክ ባሕር አካባቢ በመጣ አምበር፣ ማለትም በጠነከረ ጥንታዊ የዛፍ ሙጫ፣ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ዝንብ ነበረች። ሕያዋንን በዝምድናቸው የመመደብ ዘዴ መሥራች የሆነው ጀርመናዊው ቪሊ ሄኒግ በ1966 ስለ እሷ ጽፏል። የሚገርመው ዝንቧ ዛሬ በመጸዳጃ ቤት አካባቢ ከምትበረው ዝንብ ጋር አንድ ዓይነት መሆኗ ነው። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ቅንጣት ሳትለወጥ የቆየች መስላ ታየች። በ1993 ተመራማሪው አንድሩ ሮስ በማይክሮስኮፕ ሲመረምራት በመብራቱ ሙቀት ስንጥቅ ብቅ አለ። አንድ ብልጥ እጅ አምበሩን ለሁለት ሰንጥቆ፣ አንዱን ግማሽ ቦርቡሮ፣ ዝንቧን አስገብቶ መልሶ አጣብቆታል።

ነፍሳት ያሉበት አምበር የሚገዙ ሰዎች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። በየቦታው የሚነገሩት የቤት ውስጥ ሙከራዎች በሙሉ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ቁሱ አምበር ነው ወይስ ፕላስቲክ? የለንደኗ ዝንብ እነዚያን ሙከራዎች ሁሉ ታልፋቸው ነበር። ነፍሳቱ ከሙጫው ጋር አብሮ የኖረ ነው ወይ? ሙጫውስ የተባለውን ያህል አርጅቷል ወይ? እነዚህ ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም የሚገኘው በሌላ መንገድ ነው።

ሙከራዎቹ ግን አይጠቅሙም ማለት አይደለም። ውሃ ተጨማሪ ጨው ማሟሟት እስኪያቅተው ጨው ጨምሩበትና ቁራጩን ጣሉት። አምበር ከንጹህ ውሃ ጥቂት ብቻ ስለሚከብድ በዚህ ጨዋማ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። መስታወትና ብዙዎቹ ከባድ ፕላስቲኮች ይሰጥማሉ። ፖሊስታይሪን የሚባለው ቀላል ፕላስቲክ ግን አብሮ ስለሚንሳፈፍ መንሳፈፉ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ባንኮች ብር የሚፈትሹበት ዓይነት አልትራቫዮሌት መብራትም ይረዳል፤ አብዛኛው አምበር በጨለማ ሲበራበት ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀመስ ብርሃን ይሰጣል። በጋለ መርፌ ወግቶ ማሽተት የሚባለውን ግን ተዉት። ዕቃውን ያበላሻል፣ ሻጩንም ያስቆጣል።

ከፕላስቲክ ይልቅ የሚያታልለው ኮፓል ነው። ኮፓል እንደ አምበር የዛፍ ሙጫ ነው፤ ገና አልጠነከረም እንጂ። ከማዳጋስካርና ከኮሎምቢያ በብዛት ይወጣል፣ በውስጡም እውነተኛ ነፍሳት እንደ ጉድ ይገኛሉ። አብዛኛው ግን ዕድሜው ከጥቂት መቶ ወይም ሺህ ዓመታት አይዘልም፤ ሻጮች ደግሞ ሚሊዮን ዓመት ይጽፉበታል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን አንዲት ጠብታ በማይታይ ጥግ ላይ አድርጋችሁ ትንሽ ቆይታችሁ በጣት ንኩት። ኮፓል ከሆነ ይጣበቃል፣ አምበር ግን ምንም አይሆንም።

የዕድሜ ነገር ከተነሳ የኛን አገርም ይነካል። በሰሜን ሸዋ ዓለም ከተማ አካባቢ የሚወጣ አምበር አለ፤ በውስጡ ጉንዳንን ጨምሮ ልዩ ልዩ ነፍሳት ተገኝተውበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ዕድሜውን ወደ 95 ሚሊዮን ዓመት ገምተውት ነበር፤ ይህም የዳይኖሰሮች ዘመን ነው። በኋላ በተደረገ ጥናት ዕድሜው ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ባለው ውስጥ እንደሚወድቅ ታወቀ። «የዳይኖሰር ዘመን የኢትዮጵያ አምበር» የሚል ጽሑፍ ከገጠማችሁ ሻጩ የድሮውን ወረቀት ይዞ ቀርቷል፤ ወይም አዲሱ አልተመቸውም።

ወደ ነፍሳቱ ስንመጣ አንድ ነገር አስታውሱ፤ ሙጫ ወጥመድ ነው። የተያዘው ፍጡር ይታገላል፤ እግሩ ይጣመማል፣ ክንፉ ይታጠፋል፣ አካባቢው ላይ የአየር አረፋና የሙጫው የፍሰት መስመር ይቀራል። ትልልቆቹ ጎትተው ስለሚያመልጡ በብዛት የሚገኙት ጥቃቅን ዝንቦችና ትንኞች ናቸው። በባልቲክ አምበር ውስጥ አንዳንዴ የነፍሳቱን አንድ ጎን ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ይሸፍነዋል፣ ከባሉጥ ዛፍ የመጡ ኮከብ መሳይ ጥቃቅን ፀጉሮችም በአምበሩ ውስጥ ይታያሉ። ለፎቶ እንደ ተዘጋጀ ክንፉን ዘርግቶ፣ እግሮቹን አስተካክሎ፣ መሃል ላይ የተኛ ትልቅ ጊንጥ ወይም ጢንዚዛ ግን ሊያጠራጥራችሁ ይገባል። አስመሳይ የሚደክመው ውድ ለሆነ ነገር ነው፤ ርካሽና አስቀያሚ ትንኝ ማንም አስመስሎ አይሠራም። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ያችኑ አስቀያሚ ትንኝ ነው።

ቁራጩን ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎን ተመልከቱት። ነፍሳቱ ባለበት ልክ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ወይም በዚያው ወለል ላይ ብቻ የተደረደረ ጠፍጣፋ አረፋ ከታየ የተጣበቀ ነው። በኢንተርኔት ስትገዙ ሻጩ ቁራጩን ከጎን እያዞረ በብርሃን ፊት የሚያሳይ ቪዲዮ እንዲልክ ጠይቁ። እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

በድንጋይ ላይ ያለ ቅሪተ አካል ሲሆን ደግሞ ዋናው ጠላት ብሩሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከቻይና አዲስ የሸረሪት ዝርያ ተገኘ ተብሎ በአንድ ሳይንሳዊ መጽሔት ታተመ። ተመራማሪው ፖል ሴልደንና ባልደረቦቹ ሲመረምሩት የሸርጣን ዘመድ የሆነ የውሃ እንስሳ ሆኖ ተገኘ፤ ተጨማሪዎቹን እግሮች ሰው ነበር የሳለለት። በማጉሊያ ስትመለከቱ ቀለም በድንጋዩ ቅንጣቶች ላይ ተጋድሞ ስንጥቁንም ተሻግሮ ይሄዳል፤ እውነተኛው ቅሪተ አካል ግን ድንጋዩ ሲሰነጠቅ አብሮ ይሰነጠቃል። ሻጩ ከፈቀደ በአሴቶን የራሰ ጥጥ በጠርዙ ላይ አሻሹ፤ ብዙ ቀለሞች ይለቃሉ።

እውነተኛ መሆኑ ተረጋግጦም የማይገዛ ነገር አለ። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ክራቶ ከሚባለው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ የሚወጡ ፌንጣዎችና በረሮዎች እጅግ ያምራሉ፤ ነገር ግን በብራዚል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ቅሪተ አካል የመንግሥት ንብረት ነው። የምያንማር አምበር 99 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ድንቅ ነገር ነው፤ የሚወጣበት የካቺን ግዛት ግን በጦርነት ውስጥ የኖረ በመሆኑ ብዙ ተመራማሪዎች ግብይቱን ተቃውመዋል።

ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ ሦስት ነገር አስጽፉ፤ የወጣበትን ቦታ፣ ከስብርባሪ ተጨምቆ ያልተሠራ የተፈጥሮ አምበር መሆኑን፣ እና በላቦራቶሪ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡ እንደሚመለስ። የከበሩ ድንጋዮች ላቦራቶሪዎች ኢንፍራሬድ በሚባለው ምርመራ አምበሩን ከኮፓልና ከፕላስቲክ ይለያሉ። ነፍሳቱ ከውጭ የገባ መሆን አለመሆኑን እንዲያዩላችሁ ግን ለይታችሁ ንገሯቸው፤ ካልተጠየቁ ሙጫውን ብቻ መርምረው ሊመልሱላችሁ ይችላሉ።