«እጁ ይመለስለታል?»፦ ከስትሮክ በኋላ ማገገምን አስቀድሞ የመተንበይ ጥረት

ኦክቶበር 29 የዓለም የስትሮክ ቀን ነው። የዕለቱ መልእክት ብዙውን ጊዜ ቶሎ ሆስፒታል መድረስ ላይ ያተኩራል፤ ተገቢም ነው። ታካሚው አልጋ ከያዘ በኋላ ግን ቤተሰቡ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «እጁ ይመለስለታል?» ዛሬ ለዚህ ጥያቄ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ ጥሩ ግምት መስጠት ይቻላል።

ምርመራው ቀላል ነው። ባለሙያው ታካሚውን «ክንድህን ወደ ጎን አንሳ፤ ጣቶችህን ዘርጋ» ይለዋል፤ ለእያንዳንዱም ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት እንዳሳየው፣ በሁለተኛው ቀን ሁለቱንም በጥቂቱም ቢሆን የቻለ ታካሚ ከስድስት ወር በኋላ እጁን በተወሰነ ደረጃ የመጠቀም ዕድሉ 98 በመቶ ነው፤ ያልቻለው 25 በመቶ። በኒውዚላንድ ካቲ ስቲኒርና ባልደረቦቿ በ2017 «ፕሬፕ 2» የተባለውን ዘዴ አወጡ። ድምሩ ከ5 በታች ከሆነ አንጎልን በማግኔት አነቃቅተው መልእክቱ እጅ ጋ መድረሱን ያያሉ። ከደረሰ፣ ዛሬ በድን የመሰለ እጅም ተስፋ አለው። ትንበያው ከአራት ታካሚዎች ለሦስቱ ይሰምራል።

ለመራመድ የሚታዩት በአንደኛው ሳምንት ወገብን መቆጣጠርና ዳሌን መዘርጋት ናቸው። የንግግርና የመዋጥ ትንበያም የራሱ መለኪያዎች አሉት።

ትልቁ ክርክር የተነሳው «ታካሚው ካጣው 70 በመቶውን ያገኛል» በሚለው ሕግ ነው። ክንድ በፉግል ማየር መለኪያ ከ66 ይታረማል፤ 36 ያገኘ ሰው 30 አጥቷልና 21 መልሶ 57 ይደርሳል ማለት ነው። ክፉኛ የተጎዱት ብዙዎች ግን ከሕጉ ውጭ ሆኑ። በ2019 ቶማስ ሆፕና ባልደረቦቹ ከዚህ የጠለቀ ችግር አሳዩ፦ የመነሻው ነጥብ በስሌቱ በሁለቱም ወገን ስለሚገባ፣ መለኪያውም 66 ላይ ስለሚቆም፣ በጠፋውና በተመለሰው ነጥብ መካከል ያለው ዝምድና ከእውነታው በላይ ጠንክሮ ይታያል። ትችቱ ትክክል ነው፤ አማካይ ቁጥር የአንድን ሰው ዕጣ አይነግርም።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ታካሚ ገና በመጀመሪያው ቀን «አይተርፍም» ከተባለ ሕክምናው ይላላል፤ ትንቢቱም ራሱን ይፈጽማል። ስለዚህ ትንበያ ልምምዱን ለመምረጥ፣ ቤተሰብን ለማዘጋጀት ይዋል እንጂ ታካሚን ለመተው አይዋል። የክንድና የጣት ፍተሻ መሣሪያ አይፈልግም፤ ማግኔቱ በሌለበት ሆስፒታልም በሦስት ቀን ውስጥ ተደርጎ ካርድ ላይ ሊሰፍር ይገባል።