ሰገነት የሚያሠራ ነጋዴ ሥራው እንዳይጓተትበት

በሽንዲ ከተማ ከቆርቆሮው ሥር ያለውን ባዶ ስፍራ ሰገነት አድርጎ ለመኝታ ወይም ለዕቃ ማኖሪያ ለማዋል ያሰበ ባለሱቅ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ወራቱን መቁጠር ይገባዋል። የምዕራብ ጎጃም ክረምት በሰኔ ስለሚበረታ፣ ጣሪያውን ከፍ ለማድረግ በግንቦት መጨረሻ ክዳኑን ያነሣ ሰው በቆሎውንም በርበሬውንም ለዝናብ አሳልፎ ይሰጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ አናጢው ብዙ ጊዜ ገበሬም ነውና መጋዙን አኑሮ ወደ አዝመራው ይሄዳል፤ በዚህም ሊወቀስ አይገባም። እንግዲህ የተሻሉት ወራት ጥርና የካቲት ናቸው።

የባሕር ዛፉ አግዳሚ ግን ቀደም ብሎ ተቆርጦና ተልጦ በጥላ ሥር መድረቅ አለበት። እርጥብ እንጨት ቆይቶ ስለሚጣመም፣ የተመታው ወለል እንደገና ይነቀላል፤ ከመዘግየት ሁሉ የሚከፋው ይኸው ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ፣ ጣውላውና ምስማሩ ሳይሟሉ አንድ ቆርቆሮ እንኳ ባይነሣ ይሻላል።